የምድር ቤቱ ንፋስ

ትርፍነሽ በየማለዳው ወደ ምድር ቤቱ ስትወርድ፣ መብራት ከማብራቷም ካውያ ከመሰካቷም በፊት ጎንበስ ትልና መዳፏን ግድግዳው ላይ ባለ ቀዳዳ ፊት ትዘረጋለች። ንፋስ ካልተሰማት ቀና ብላ ሥራዋን ትጀምራለች። ሽው የሚል ነገር ከተሰማት ግን ቀዳዳው ውስጥ የወተፈችውን አሮጌ ብርድ ልብስ በአውራ ጣቷ ገፋ ገፋ አድርጋ፣ ዳር ዳሩን ጠቅጥቃ፣ መዳፏን እንደገና ትሞክራለች። ጸጥ ሲል ነው የምታምነው።

ቀዳዳው የትሪ ያህል ስፋት አለው፤ በወዲያ በኩል ከአትክልቱ ቦታ ጋር ይገናኛል። ከፊቱ የብረት ፍርግርግ ነበረው። እሱን ራሷ በቢላዋ ጫፍ ፈትታ አውልቃ ከቁም ሣጥኑ ኋላ አቁማዋለች። ማን ለምን እንዳበጀው አታውቅም፤ ግንበኛው የረሳው ቦታ ይመስላታል። ብርዱ ሲገባ ከዚያ የሚመጣው አየር፣ ቆማ ስትተኩስ ልክ ወገቧ ላይ ያርፍ ነበር። ንፋስ ደግሞ ይመታል። ይህን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ አዲስ አበባ አውቶቡስ የተሳፈረ ሁሉ ያውቀዋል። አንዱ መስኮት ገርበብ ሲያደርግ ከኋላው ያሉት በሙሉ ነጠላቸውን እየተከናነቡ «ዝጋው እንጂ፣ ልታስመታን ነው!» ብለው ይነሡበታል። ትርፍነሽ ጄኔቫ ከመጣች ብዙ ዘመኗ ነው፤ በዚህ ጉዳይ ግን አንድም ቀን ሐሳቧን ለውጣ አታውቅም።

ከቀዳዳው አጠገብ የቤቱ ማሞቂያ ቆሟል። ነጭ የብረት ሣጥን ነው፤ በጋዝ ይነዳል፣ ውሃ ያሞቃል፣ ሙቁ ውሃ በቧንቧ ወደ ፎቆቹ ይወጣል። ከአናቱ የተነሣ ቆርቆሮ ቱቦ ደግሞ ጭሱን ወደ ጣሪያ ያወጣል። የቤቱ ሰዎች ሾዲየር ይሉታል፤ ትርፍነሽም እንደዚያው። በፊቱ ባለች ትንሽ መስኮት በኩል ነበልባሉ ይታያል። ድሮ ሰማያዊ ነበር፤ ሰሞኑን ወደ ቢጫ አድልቷል። ትርፍነሽ ቢጫውን ወደደችው። የምድጃ እሳት መሰላት።

ልብስ የሚታጠበውም የሚተኮሰውም እዚያው ክፍል ነው። ባለፈው በጋ እመቤቲቱ ማዳም የቤቱን መስኮቶች በሙሉ በአዲስ አስቀይራለች፤ ድርብ መስታወት፣ ዙሪያውን ላስቲክ ያለው፣ ሲዘጋ ጥርቅም የሚል። በዚያው ሰሞን ልብስ ማድረቂያ ማሽን ተገዛ። ስለዚህ ምድር ቤቱ ሞቀ፣ ደረቀ፣ ጸጥ አለ። መስኮቱ ብቻ ነበር ከኅዳር ጀምሮ ሲያልብ የሚውለው። በዚያው በኅዳር ነው እንግዲህ ትርፍነሽን ራስ ምታት የጀመራት።

ጠዋት ከጣሪያው ሥር ካለው መኝታ ክፍሏ ስትወርድ ደህና ናት። ረፋዱ ላይ ግንባሯ በገመድ እንደታሰረ ይጨመቃል። እኩለ ቀን ላይ ሆዷ ይገላበጣል፣ ጉልበቷ ይዝላል። ማታ ወጥታ ስትተኛ ይተዋታል። በሽታ ቢሆን ሌሊትም አይተዋትም ነበር፤ እንዲህ ሰዓት ጠብቆ የሚመጣ ነገር የሰው እጅ አለበት ብላ አሰበች።

ትርፍነሽ ጥርጣሬን ከእናቷ ቤት ይዛ አልመጣችም፤ እዚሁ ነው የተማረችው። ወደ ጄኔቫ የመጣችው በደርግ ጊዜ ከአንድ ዲፕሎማት ቤተሰብ ጋር ነው። ቤተሰቡ አገሩ ሲገባ እሷ ቀረች፤ ከዚያ በኋላ ከአንዱ ዲፕሎማት ቤት ወደ ሌላው ስትሸጋገር ኖረች። አንዲቷ እመቤት መሳቢያዋ ተከፍቶ እንደሆነ ለማወቅ ክር ትዘረጋበት ነበር። ሌላይቱ ስኳሩ ላይ በማንኪያ ጫፍ ምልክት ታደርግ ነበር። ትርፍነሽ ክሩንም ምልክቱንም እያየች አላየሁም አለች፤ ኋላ እሷም የራሷ መሳቢያ ላይ ክር መዘርጋት ጀመረች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። በዚህ ሁሉ መሐል የማትረሳው አንድ ነገር አለ፤ ካርቷ። የዲፕሎማት ቤት ሠራተኛ በዚህ አገር የሚያኖራት ያ ካርት ነው፤ ካርቱ ደግሞ በአሠሪው ስም የተሰጠ ነው። አሠሪ ካሰናበተ ካርቱ ይነጠቃል። ከዚያ ወዲያ ሻንጣ ነው።

አዲሷ ሠራተኛ መስታወት የመጣችው በጥቅምት ነው፤ ሕመሙ ከመጀመሩ ትንሽ ቀደም ብሎ። የኮተቤ ልጅ ናት፤ ወጣት፣ ሳቂታ፣ ሥራዋን በዜማ የምትሠራ። መኝታ ክፍሎቹንና ገበታውን ትይዛለች፤ ትርፍነሽ የምትሠራውን የሠራተኛ ምሳ በልታ፣ ከሰዓት በኋላ ምድር ቤት ወርዳ የደረቀውን ልብስ ታጥፋለች። ማዳም ወደደቻት። ይህም አንድ ነገር ነው። ረፋድ ላይ ደግሞ ማንም ሳያዛት ለትርፍነሽ ሻይ ይዛ ትወርዳለች። ይህ ሌላ ነገር ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን ለትርፍነሽ ሻይ ይዞ የወረደላት ሰው አልነበረም። ሰው ለሰው እንዲያው በነጻ ሻይ አያመላልስም።

«እትዬ ትርፌ፣ ዛሬም ራስዎን በሻሽ አሰሩት?»

«ታሰረ እንጂ ተቆረጠ አላልኩሽም።»

«ኧረ እርስዎ ደግሞ! ሻዩ ቀዘቀዘብዎት።»

«ይቀዝቅዝ። አንቺን ምን አስቸኮለሽ?»

«እኔማ ብርጭቆውን ልወስድ ነው።»

«ብርጭቆውንስ ለምን ፈለግሽው?»

«ላጥበው ነዋ! ምን ላደርገው ኖሯል?» አለች መስታወት፤ እየሳቀች ግን ትክ ብላ አየቻት። ትርፍነሽም ያንን አስተያየት አልወደደችውም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሻዩን ልጅቷ ስትወጣ ጠብቃ ልብስ ማጠቢያው ገንዳ ውስጥ ትደፋው ጀመር። ራሷ ግን አልተዋትም። ሌላ ሰው ቢሆን «ሻዩ አይደለም ማለት ነው» ይል ነበር። ጠርጣራ ሰው ግን ማስረጃ ሲጠፋበት ጥርጣሬውን አይተውም፤ ቦታውን ይቀይርለታል። እንግዲያው በብርጭቆው ከንፈር ላይ ነው፤ ወይም በጨው ውስጥ፤ ወይም ትራሷ ሥር የተቀበረ ነገር አለ። ትራሷን ቀድዳ አየች፤ ላባ ብቻ ነው። ክር ዘርግታ የተወችው መሳቢያ አልተነካም። ይህም አስደነገጣት፤ ጎበዝ ሌባ ዱካ አይተውምና።

አንድ ዓርብ፣ ማዳም ትርፍነሽን ከምድር ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ራሷን በሁለት እጇ ይዛ አገኘቻት።

«ምን ሆነሻል?»

ትርፍነሽ ፈረንሳይኛን የተማረችው ከወጥ ቤት ነው። ሽንኩርት፣ ድስትና ሸሚዝ ላይ አትቸገርም። ሕመም ላይ ስትደርስ ግን ከአማርኛው ቃል በቃል ትገለብጣለች። «ንፋስ መትቶኛል» ልትል ነበር፤ ለእመቤት የሚባለው ይኸው ነው፤ ስለ ሻይና ስለ መድኃኒት አይወራም። ነገር ግን ራሷን ሲፈልጣት ንፋስ የሚለው ቃል ጠፋባት። የቀራት ግሡ ብቻ ነበር።

«ፍራፔ» አለች። «መታኝ። ራሴን።»

ማዳም ክው አለች። «ማን ነው የመታሽ?»

ትርፍነሽ ቃሉን ስትፈልግ ማዳም ወደ ላይ ቀና አለች። ከላይ፣ ከምግብ ክፍሉ፣ መስታወት ሳህን እየደረደረች ስታዜም ይሰማል።

«መስታወት ናት?» አለች ማዳም ዝቅ ባለ ድምፅ።

ትርፍነሽ አዎ አላለችም። አይደለችም ማለት ግን ነበረባት፤ እሱንም አላለችም። እጇን ከራሷ ላይ አውርዳ ሽርጧን አስተካከለች።

«ገባኝ» አለች ማዳም። «እዚህ ቤት ሰው አይመታም። ሰኞ ባለቤቴ ሙሴ ባለበት እንነጋገራለን፤ ያልሽኝን በፊቱ ትደግሚዋለሽ። እውነት ከሆነ ልጅቷ ትሰናበታለች።»

ትርፍነሽ በማግስቱ ቅዳሜ፣ የዕረፍት ቀኗ ስለነበር፣ በባቡር ዙሪክ ሄደች። ታናሽ እህቷ ሕብስት የምትኖረው ላንግሽትራሰ ጎዳና ላይ፣ ከአንድ ቡና ቤት በላይ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። ኦርሊኮን በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ ወጥ ቤት ትሠራለች። ትርፍነሽ እሁድ ጠዋት የነቃችው ብርድ ፊቷን ሲገርፋት ነው። ሕብስት የቤቱን መስኮት በሙሉ ብርግድ አድርጋ ከፍታ፣ በሌሊት ልብሷ ቆማ ጥርሷን ትፍቃለች። ታች ትራሙ ሲያቃጭል ይሰማል።

«ምን እየሠራሽ ነው አንቺ ልጅ? ልታስመቺኝ ነው?»

«ሉፍተን ነው እታለም። ቤቱ ይተንፍስ።»

«ቤት ይተነፍሳል? ከብት ነው?»

«እዚህ አገር ይተነፍሳል። ካልከፈትሽ ግድግዳው ይሻግታል፤ ከዚያ ሃውስቫርቱ መጥቶ ይጮህብሻል።»

«ሃውስ ምን?»

«የሕንፃው ጠባቂ። ከእሱ ቁጣ የቅዱስ ሚካኤል ቁጣ ይሻለኛል።»

«አንቺስ ጨርሰሽ ፈረንጅ ሆነሻል» አለች ትርፍነሽ፤ ብርድ ልብሱን እስከ ጆሮዋ ሳበችው።  አንድ ነገር ጎድሏታል፤ ምን እንደሆነ ለመለየት ጊዜ ወሰደባት። ራሷን አላመማትም። ትናንት ከሰዓትም አላመማትም፤ ማታም። ቀላል ሆኗል፤ የራሷ ራስ መሆኑን እስክትጠራጠር ድረስ።

ቁርስ ላይ ነገሩን ሁሉ ዘረዘረችላት፤ ሻዩን፣ የልጅቷን አስተያየት፣ ሰዓት ጠብቆ የሚመጣውን ሕመም። ሕብስት ዳቦውን እየቆረሰች ሰማቻት።

«ታዲያ እዚህ የእኔን ሻይ ጠጣሽ። ምን ሆንሽ?»

«ምንም።»

«እንግዲህ! ከእጇ ስትርቂ ተሻለሽ ማለት ነው። ሌላ ምን ምስክር ትፈልጊያለሽ?»

«እኔም የምለው ይህንኑ ነው።»

«ለማዳሟ ነገርሻት?»

ትርፍነሽ የዓርቡን ነገረቻት። ሕብስት ማኘኳን አቆመች።

«ቆይ፣ ቆይ። መታችኝ ብለሻል?»

«አላልኩም። ማዳም ናት ያለችው።»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«ዝም አልኩ።»

«ያ ዝምታሽ እኮ የልጅቷን ካርት ሊያስነጥቅ ነው፣ እታለም። መርዝ ሰጠችኝ ማለት አንድ ነገር ነው፤ ያልመታችሽን መታችኝ ማለት ግን…»

«እሷስ የእኔን ነፍስ ልትነጥቅ አይደለም?» አለች ትርፍነሽ። «በየትኛውም በር ትውጣ፣ ብቻ ትውጣልኝ።»

በመልስ ጉዞው ባቡሩ በርንን አልፎ ሎዛን እስኪደርስ ድረስ ለሰኞ የምትለውን በፈረንሳይኛ ስታበጅ ቆየች። አጭር ነው፤ «አዎ፣ መስታወት ናት።» ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ደጋገመችው። ከፊቷ የተቀመጠች አሮጊት የምትጸልይ መስሏት ፈገግ አለችላት።

ቤት ስትደርስ ገና ቀን ነው። ማዳምና ሙሴ ምሳ ተጋብዘው ወጥተዋል፤ መኪናቸው የለም። ከምድር ቤቱ ማድረቂያው ሲያጓራ ይሰማል። ወረደች። በሩ ተዘግቷል፤ «ንፋስ ይገባል፣ ከኋላሽ ዝጊ» ብላ መስታወትን ያዘዘቻት ራሷ ናት። ከፈተችው። ክፍሉ እንደ መታጠቢያ ቤት ታፍኗል፤ መስኮቱ ላይ ላቡ ይንቆረቆራል። መስታወት ከልብሱ ቅርጫት ጎን በደረቷ ተደፍታለች፤ አንድ እጇ አሁንም አንሶላ ጨብጧል።

ለትርፍነሽ መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ ይህ ነበር፤ የራሷን መድኃኒት ራሷ ተሳስታ ጠጣችው።

ሁለተኛ ሐሳብ ለማሰብ ጊዜ አላገኘችም። ልጅቷ ስታቃስት ሰማችና ከብብቷ ይዛ ጎተተቻት። ወደ አትክልቱ ቦታ የሚያወጣውን በር በጀርባዋ ገፍታ ከፈተች፣ በደረጃው እያንጠለጠለች አወጣቻት፣ በረዶው ላይ አስቀመጠቻት።  መስታወት አስመለሳት፤ ከዚያ ዓይኗን ገለጠች። ትርፍነሽን ከበላይዋ ቆማ ስታይ በቂጧ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

«አይንኩኝ!»

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ምን እንዳደረጉብኝ እርስዎ ያውቃሉ!»

«እኔ?»

«ምሳ በበላሁ ቁጥር ነው። ወጥዎን በልቼ ልብስ ላጥፍ ስወርድ ራሴን ይፈልጠኛል፣ ሆዴ ይገለበጣል። እርስዎ ደግሞ ‹ብዪ፣ ጨምሪ› ይሉኛል። ሰው እንዲያው በነጻ ‹ጨምሪ› ይላል?»

ትርፍነሽ ጣቷን ቀሰረችባት። «አንቺ ነሽ እንጂ በሻይ የምትጨርሺኝ!»

«በሻይ? ሻዩን እኮ ከዚያው ማንቆርቆሪያ እኔም እጠጣለሁ!»

«ወጡንስ ከዚያው ድስት እኔም አልበላም?»

 በክፍት በሩ በኩል የማድረቂያው ድምፅ ይመጣል።

«ደግሞ ዛሬ ምን ወጥ አለ?» አለች ትርፍነሽ ቀስ ብላ። «እኔ ዙሪክ ነበርኩ።»

መስታወት በረዶ ዘግና አፏን አበሰች። «ከሰል ነው የሚመስለው» አለች። «ልጅ ሆኜ ኮተቤ፣ ጎረቤቶቻችን በክረምት የከሰል ምድጃ ቤት አስገብተው፣ በር ዘግተው ተኙ። በሩን የሰበርነው እኔና እማዬ ነን። ልክ እንደዚህ ነበር ጉልበታቸው የከዳቸው።»

«ጄኔቫ ላይ ከሰል ከየት መጣ? ጭሱስ የታለ? ሽታውስ?»

«ከሰልም እኮ አንዴ ፍም ከሆነ አይጨስም፣ እትዬ ትርፌ። አይሸትምም። ለዚያ አይደል የሚገድለው?»

ትርፍነሽ በበሩ በኩል ወደ ውስጥ አየች። ከዚያች ትንሽ መስኮት ውስጥ ቢጫው ነበልባል ይወዛወዛል። ከጎኑ ያለው ቀዳዳ ከቆመችበት አይታይም። አሰበችው ግን። 

የመኪና ድምፅ ተሰማ። ማዳም በአትክልቱ በኩል ዞራ ስትመጣ ያየችው፣ መስታወት በረዶ ላይ ተዘርግታ ትርፍነሽ ከበላይዋ ቆማ ነው።

«ዛሬ ደግሞ ማን ማንን መታ?»

ትርፍነሽ ባቡር ውስጥ ያበጀችው ዓረፍተ ነገር ከአእምሮዋ ጠፍቷል። አንድ ቃል ተናገረች፤ በየትኛውም ቋንቋ የሚገባ ነው። «ጋዝ።» ሙሴ ወደ ስልኩ ሮጠ። የእሳት አደጋ ሰዎች ፈጥነው ደረሱ፤ የጋዙን መዝጊያ ቆለፉ፣ በሮቹን በሙሉ ከፈቱ፣ መስታወትን አፍና አፍንጫዋ ላይ የአየር ጭንብል አድርገውላት ወደ ሆስፒታል ወሰዷት። እዚያም አደረች።

ሰኞ የጋዝ ሠራተኛው ሲመጣ ሁሉም ምድር ቤት ነበሩ፤ ማዳምም፣ ሙሴም፣ ሻሽ ተከናንባ ደረጃው ላይ የተቀመጠችው መስታወትም። ሰውየው ዙሪያውን ቃኘ፣ ቁም ሣጥኑን ገፋ፣ የተደበቀውን ፍርግርግ አገኘ። ከዚያ ከቀዳዳው ብርድ ልብሱን ይመዘው ጀመር። ረጅም ነበር፤ እየወጣ እየወጣ አላልቅ አለ።

«ይህን የወተፈው ማነው?»

ማዳም ወደ መስታወት ዞረች። መስታወት ትርፍነሽን አየች። ትርፍነሽ ዝም ብትል ይበቃት ነበር። የዓርቡ ዝምታዋ ሰኞም ሥራውን ይሠራላታል፤ ጥፋቱም ካርቱም በአንድ ጊዜ ከመስታወት ጋር ይሄዳሉ።

«እኔ ነኝ» አለች።

«ለምን?»

«ይመታኛል።» በእጇ ከቀዳዳው ወደ ወገቧ አሳየች፤ በዚህ ጊዜ ቃሉ አልጠፋባትም። «ንፋስ። ንፋሱ ይመታኛል።»

ሰውየው ሳቀ። «ንፋስ ቡጢ አለው እንዴ?»

ማዳም ግን አልሳቀችም። «ዓርብ ያልሽኝስ?»

«ዓርብም ንፋስ ነበር። መስታወት አልመታችኝም። ቃሉ ጠፋብኝ፤ ከዚያ… ዝም አልኩ።»

«አስፈራርታሽ ነው እንዲህ የምትዪው?»

«አይደለም፣ ማዳም።»

ማዳም ከአንዷ ወደ ሌላዋ እያየች ቆየች፤ አላመነችም። እንድታምን የረዳት ሰውየው ነው። ማሞቂያው እንደጠፋ ማድረቂያውን አስነሣ፣ ብርድ ልብሱን መልሶ ወተፈ፣ በሩን ዘጋ። ከዚያ ክብሪት ጭሮ ከማሞቂያው አናት፣ የጭስ ቱቦው ከሚጀምርበት ክፍተት ሥር ያዘው። የክብሪቱ ነበልባል ወደ ቱቦው መውጣት ሲገባው ወደ እነሱ አጎነበሰ፤ አንድ ሰው ከጣሪያ ላይ ሆኖ እፍ የሚልበት ይመስል ነበር።

«አያችሁ? እሳት አየር ይበላል። ሁልጊዜ የሚበላው በዚህ ቀዳዳ የሚገባውን ነው። አዲሶቹ መስኮቶች አያሾልኩም። ማድረቂያው ደግሞ የክፍሉን አየር እየሳበ ወደ ውጭ ይተፋል። ቀዳዳው ሲዘጋበት ምትኩን ከየት ያምጣ? በጭስ ማውጫው በኩል ይስባል። ሽቅብ መውጣት ያለበት ቁልቁል ይመለሳል፤ እሳቱም አየር ሲያጥረው ቢጫ ይሆንና መርዝ ይሠራል። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው።»

ማድረቂያውን አጠፋ፣ ብርድ ልብሱን አወጣ፣ ሌላ ክብሪት ጫረ። አሁን ነበልባሉ ቀጥ ብሎ ወደ ቱቦው ተሳበ። ትርፍነሽ ወገቧ ላይ ቅዝቃዜው ሲያርፍ ተሰማት፤ ሳታስበው አንድ እርምጃ ወደ ጎን ፈቀቅ አለች።

«ማድረቂያው ከዚህ ክፍል ይውጣ» አለ ሰውየው ለሙሴ። «ፍርግርጉም በእጅ በማይፈታ ብሎን ይታሰር።» በጋዙ መዝጊያ ላይ ቀይ ወረቀት አንጠለጠለ።

ሌሎቹ ሲወጡ መስታወት ከደረጃው አልተነሣችም።

«ዓርብ ምንድነው የሆነው፣ እትዬ ትርፌ?»

ትርፍነሽ ነገረቻት። ሳታሳምር፣ ሳታስረዝም።

«ዝም አሉ?»

«ዝም አልኩ።»

«ካርቴ እንደሚነጠቅ እያወቁ?»

«እያወቅሁ።»

መስታወት የሻሿን ጫፍ ጣቷ ላይ ስትጠቀልል ቆየች። «እኔም ጠርጥሬዎታለሁ» አለች በመጨረሻ። «ለሰው ግን አልተናገርኩም። ወጡን የጎረቤታችንን ድመት ነው ያቀመስኳት።»

«ድመቷስ?»

«ወፈረች።»

ትርፍነሽ ሳቋ አመለጣት። መስታወት ግን አብራት አልሳቀችም፤ ተነሥታ ግድግዳውን እየተደገፈች ወጣች።

ፍርግርጉ እስኪታሰር ጋዙ ተዘግቶ ሰነበተ፤ የቤቱ ሰዎች ካፖርት ደርበው ይበሉ ነበር፣ የሙሴም ሸሚዞች የሚተኮሱት ላይ፣ ምግብ ክፍል ውስጥ ነበር። ማዳም መስታወትንም ትርፍነሽንም አላሰናበተችም። መስታወት ራሷ በሚያዝያ መልቀቅ እንደምትፈልግ ተናገረችና ሰርቬት በሚባለው የጄኔቫ ሠፈር አፓርታማ ውስጥ ወደሚኖር ሌላ የዲፕሎማት ቤተሰብ ተዛወረች። ካርቷም በአዲሱ አሠሪ ስም ተቀየረላት። በእሷ ቦታ የተቀጠረችው ከማኒላ የመጣች ሴት ናት፤ ከትርፍነሽ ጋር የሚነጋገሩት በፈረንሳይኛ ነው።